ከሞተሩ ጋር የሚወጣና የሚወርድ ፉጨት፦ በአንድ ቪትዝ የድምፅ ሥርዓት ላይ የተደረገ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ የአንድ ባለ 1.3 ሊትር፣ ባለ አራት ሲሊንደር ቶዮታ ቪትዝ ነው። መኪናው ከጃፓን ይዞት የመጣው ራዲዮ የሚይዘው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ያለውን የጃፓን ኤፍኤም ብቻ ስለነበር ፋና 98.1ንም ሆነ ሸገር 102.1ን ማዳመጥ አይቻልም ነበር፤ ባለንብረቱም ብዙ የአዲስ አበባ ቪትዝ ነጂዎች እንደሚያደርጉት በባለ ስክሪን ቴፕ አስለወጡት። ቀጥሎም በኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ባለ አራት ቻናል አምፕሊፋየርና አንድ ዎፈር (የወፍራም ድምፅ ስፒከር) አስገጠሙ። ከአምፕሊፋየሩ ቻናሎች ሁለቱ የፊት በር ስፒከሮችን ይነዳሉ፤ ሁለቱ ደግሞ ተጣምረው ዎፈሩን ይነዳሉ። የኋላ በር ስፒከሮች ግን በአምፕሊፋየሩ ሳያልፉ ከቴፑ በቀጥታ ይሠራሉ፤ ይህ አሠራር በኋላ ለምርመራው ብዙ ጠቅሟል።

ሥርዓቱ ሲገጠም ንጹሕ ድምፅ ነበረው። ረብሻው የጀመረው ባለንብረቱ በሌላ ቦታ የዎፈሩን ሳጥን ካስቀየሩ በኋላ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሞተሩ ሲነሳ ከፊት ስፒከሮች ቀጭን ፉጨት ይወጣል፤ ሞተሩ ፍጥነት ሲጨምር ፉጨቱ ይቀጥናል፣ ወደ ሚኒሞ ሲመለስ ይወፍራል። ሰውዬው የሚወዱት የዋሽንትና የክራር ሙዚቃ በመሆኑ ጉዳቱ በጣም ተሰምቷቸዋል፤ ዋሽንቱ ሳስቶ ትንፋሽ ብቻ በሚቀርበት ቦታ ላይ ከሙዚቃው ይልቅ የሚሰማው ፉጨቱ ነበር። «ነዳጅ በሰጠሁት ቁጥር አብሮ ይጮኻል፤ ዲናሞው ካልተቀየረ አይለቅም ብለውኛል» ነበር ያሉት።

ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት ሦስት መፍትሔዎች ተሞክረው ነበር። በቴፑ የኃይል ሽቦ ላይ የረብሻ ማጣሪያ ተገጥሟል፤ በአምፕሊፋየሩ የኃይል ገመድ ላይ ባለ 1 ፋራድ ካፓሲተር ተጨምሯል፤ የሙዚቃውን ምልክት ከቴፑ ወደ አምፕሊፋየሩ በሚወስዱት በሁለቱም የአርሲኤ ገመድ ጥንዶች መካከል ደግሞ በትንንሽ ትራንስፎርመር የሚሠራ የማሳ (በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው ግንኙነት) መለያ ገብቶ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ምንም ለውጥ አላመጡም። ሦስተኛው ፉጨቱን ቢያጠፋውም ሙዚቃውን አበላሸው፤ ባለንብረቱ እንደገለጹት «ዘፋኙ ጠፍቶ አጃቢው ብቻ ከሩቅ ይሰማ ጀመር፤ ዎፈሩም ጸጥ አለ»። በዚህ ምክንያት መለያው ወልቆ በከረጢት ውስጥ ተቀምጧል። ይህን አነጋገር መዝግበን ያዝነው፤ ትርጉሙ ግን የተገለጠልን በኋላ ነው።

የዲናሞ ፉጨት ለምን ከሞተሩ ጋር እንደሚወጣና እንደሚወርድ መረዳት ለምርመራው መሠረት ነው። ዲናሞው የሚያመነጨው ባለ ሦስት ፌዝ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው፤ ይህም ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፉ ስድስት ዳዮዶች አማካይነት ወደ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይለወጣል። የተለወጠው ኤሌክትሪክ ፍጹም ለስላሳ አይሆንም፤ በእያንዳንዱ የኤሌክትሪክ ዙር ስድስት ትንንሽ ጉብታዎች ይቀሩበታል። በተለመደው ባለ 12 ዋልታ ዲናሞ ላይ አንድ የዘንግ ዙር ስድስት የኤሌክትሪክ ዙሮችን ይሰጣል፤ የቺንጋው ፑሊ ደግሞ ዲናሞውን ከሞተሩ 2.5 እጥፍ ያህል አፍጥኖ ያሽከረክረዋል ብንል፣ ሞተሩ በሚኒሞ በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞር መዋዠቁ ወደ 1,200 ኸርዝ ይደርሳል ማለት ነው። በደቂቃ 2,400 ዙር ላይ ደግሞ 3,600 ኸርዝ ይሆናል። የሰው ጆሮ ከሁሉ በላይ ንቁ የሚሆነው ከ2,000 እስከ 5,000 ኸርዝ ባለው ክልል ስለሆነ፣ መጠኑ እጅግ ትንሽ የሆነ መዋዠቅ እንኳ ጎልቶ ይሰማል። የካንዴላ ረብሻ ግን ሌላ ጠባይ አለው፤ በዚሁ ሞተር በሚኒሞ ላይ በሰከንድ 27 ያህል ብልጭታዎች ብቻ ስለሚኖሩ እንደ ፉጨት ሳይሆን እንደ ቶሎ ቶሎ መንቋቋት ነው የሚሰማው። የነዳጅ ፓምፕ ረብሻም ቢሆን ነዳጅ ሲሰጥ ቅጥነቱን አይለውጥም።

እነዚህን ልዩነቶች ይዘን መጀመሪያ ያደረግነው ዕቃ መፍታት ሳይሆን ማዳመጥ ነበር። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ ሥርዓቱ ጸጥ ይላል። ሞተሩ ሲነሳ ፉጨቱ ይመጣል፤ የፊት መብራትና የአየር ማራገቢያው ሲበራ ከፍ ይላል፤ ይህም ዲናሞው የበለጠ ሲጫን መዋዠቁም ስለሚጨምር ነው። የቴፑን ድምፅ ወደ ዜሮ ስናወርደው ሙዚቃው ጠፋ፣ ፉጨቱ ግን በዚያው መጠን ቀጠለ። ይህ ውጤት ብቻውን ብዙ ነገር ይናገራል፤ ረብሻው የሚገባው ከድምፅ መቆጣጠሪያው በኋላ ነው ማለት ነውና፣ አንቴናው፣ ብሉቱዙና ፍላሹ ሁሉ ከተጠርጣሪነት ይወጣሉ። በተጨማሪም ከቴፑ በቀጥታ የሚሠሩት የኋላ በር ስፒከሮች ምንም ፉጨት አልነበራቸውም። ስለዚህ የቴፑ የራሱ ኃይል ንጹሕ ነው፤ በኃይል ሽቦው ላይ የተገጠመው ማጣሪያ ሊጠቅም ያልቻለውም ለዚህ ነው።

ባለንብረቱ ለዲናሞ ገንዘብ ሊያወጡ ተዘጋጅተው ስለነበር ቀጥሎ የዲናሞውን ጤንነት መለካት ግዴታ ሆነ። የባትሪው ቮልቴጅ ሞተሩ ሳይነሳ 12.6፣ ሞተሩ ሲነሳ 14.2 ቮልት ነበር። ከዚያም ቴስተሩን ወደ ኤሲ (ወደ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ መለኪያው) አዙረን የባትሪውን ሁለት ጫፎች ስንለካ መዋዠቁ 0.03 ቮልት ብቻ ሆኖ ተገኘ። ዳዮዱ የተቃጠለ ዲናሞ ብዙውን ጊዜ ከ0.5 ቮልት በላይ ያሳያል፤ ከ0.1 ቮልት በታች ከሆነ ግን ዲናሞውን የሚያስወቅስ ነገር የለም። እዚህ ላይ ሊታለፍ የማይገባ ጥንቃቄ አለ። አንዳንድ ርካሽ ቴስተሮች በኤሲ ላይ ተደርገው ባትሪ ሲነኩ፣ መኪናው ጠፍቶ እያለ እንኳ ከ20 ቮልት በላይ የሆነ ሐሰተኛ ቁጥር ያወጣሉ። ስለዚህ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት በኤሲ ለክቶ ዜሮ ማሳየቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ዜሮ የማያሳይ ቴስተር ለዚህ ሥራ አይሆንም። ጤነኛ ዲናሞ በእንዲህ ዓይነቱ መለኪያ ተፈርዶበት ሲወልቅ ማየት በእውነት ያሳዝናል።

ዲናሞው ነጻ ከወጣ በኋላ ሥርዓቱን ከአምፕሊፋየሩ ጀምረን ወደ ቴፑ እየሄድን ከፋፈልነው። ለዚህ የሚያገለግለው መሣሪያ በጣም ቀላል ነው፤ መሐለኛ ፒኑና የውጭ ቀለበቱ እርስ በርስ የተበየዱ የአርሲኤ ጃኮች ናቸው። ኃይሉን አጥፍተን የአርሲኤ ገመዶቹን ከአምፕሊፋየሩ ነቀልንና በምትካቸው እነዚህን ጃኮች ሰካን። ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ሲሰጠው ፍጹም ጸጥታ ሆነ። አምፕሊፋየሩም ሆነ የኃይል ገመዱ ፉጨቱን በራሳቸው አያመጡም ማለት ነው፤ ካፓሲተሩ ያልጠቀመበት ምክንያትም ከዚሁ ግልጽ ነው።

በዚሁ አጋጣሚ የአምፕሊፋየሩን ማሳ መረመርን። ገመዶቹን መልሰን ዎፈሩ በጉልበት እየሠራ ሳለ ከአምፕሊፋየሩ የማሳ ተርሚናል እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ስንለካ 0.35 ቮልት አገኘን፤ ይህ ብዙ ነው። ምንጣፉን ገልጠን ብሎኑን ስንፈታ የማሳው ቀለበት የተቀመጠው በወለሉ ላኪራ ላይ ሆኖ ተገኘ፤ ኤሌክትሪኩ ያልፍ የነበረው በብሎኑ ጥርሶች በኩል ብቻ ነው። ላኪራውን በብርጭቆ ወረቀት እስከ ንጹሑ ብረት ድረስ ፍቀን፣ ቀለበቱን መልሰን አጥብቀን፣ እርጥበት እንዳያዝገው ግሪስ ቀባነው። ልኬቱ ወደ 0.06 ቮልት ወረደ፤ ፉጨቱ ግን ትንሽ ዝቅ አለ እንጂ አልጠፋም። ብዙ ሥራዎች የሚቋረጡት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ጉድለት ተገኝቷል፣ ተስተካክሏል፣ ድምፁም ትንሽ ተሻሽሏል፤ ነገር ግን የተገኘው ጉድለት የተፈለገው ጉድለት አልነበረም።

ቀጥለን የአርሲኤ ገመዱን በአምፕሊፋየሩ በኩል ሰክተን በቴፑ በኩል ያለውን ጫፍ ነቀልን፤ የተነቀለውን ጫፍ መሐለኛ ፒንና የውጭ ቀለበት በአጭር ሽቦ አገናኝተን ከመኪናው ብረት ጋር እንዳይነካካ በፕላስተር ጠቀለልነው። በዚህ ሁኔታም ጸጥታ ነበር። ገመዱ በአንዳንድ ቦታ ከኃይል ገመዱ ጎን ለጎን የተዘረጋ ስለሆነ ተጠርጥሮ ነበር፤ ይህ ሙከራ ግን ነጻ አወጣው። ከዚያም በገዛ ባትሪው የሚሠራ ስልክ በገመዱ ጫፍ ላይ አያይዘን ሙዚቃ ስናጫውት ከፊት ስፒከሮች ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርት ያለ ዋሽንት ተሰማ። እንግዲህ የቀረው ቴፑና ማሳው ብቻ ነው። የቴፑን ጥቁር የማሳ ሽቦ ከፋብሪካው ሶኬት አላቅቀን ከዳሽቦርዱ ጀርባ ባለው የብረት አካል ላይ በብሎን አሰርነው፤ ለውጥ የለም።

በዚህ ጊዜ ባለንብረቱ ስለ ማሳ መለያው የተናገሩት ትርጉም አገኘ። መለያው በእያንዳንዱ ቻናል ላይ አንድ ትራንስፎርመር አለው፤ የትራንስፎርመሩ የመግቢያ ጥቅል አንድ ጫፍ ከአርሲኤው መሐለኛ ፒን፣ ሌላው ጫፍ ከውጭ ቀለበቱ ጋር ይያያዛል። የውጭ ቀለበቱ በቴፑ ውስጥ ከማሳ ጋር ከተገናኘ እያንዳንዱ ቻናል መመለሻ መንገድ ስለሚኖረው ሙዚቃው ሙሉ ሆኖ ያልፋል። ቀለበቶቹ እርስ በርስ ተያይዘው ከማሳ ግን ከተቆረጡ፣ የግራው ቻናል መመለሻ የቀኙ ጥቅል፣ የቀኙም መመለሻ የግራው ጥቅል ይሆናል፤ ያኔ የሚያልፈው በግራና በቀኝ መካከል ያለው ልዩነት ብቻ ነው። የዘፋኝ ድምፅና ወፍራም ድምፅ በአብዛኛው በሁለቱም ቻናሎች እኩል ስለሚቀረጹ እርስ በርስ ይጣፋሉ፤ የሚቀረው በአንድ ወገን ብቻ የተቀረጸው አጃቢና የገደል ማሚቶው ነው። ዘፋኙ የጠፋው፣ ዎፈሩም ጸጥ ያለው በዚህ ምክንያት ነው። መለያው ምርመራውን ሳያውቅ ሠርቶልን ነበር ማለት ይቻላል፤ የቴፑ የአርሲኤ ቀለበቶች ከማሳ ተቆርጠዋል የሚለው ግምት ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለገውም፤ ማረጋገጥ ብቻ ቀረ።

ማረጋገጫው ቀላል ነበር። ገመዶቹ ሁሉ በቦታቸው ተመልሰው፣ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራና ፉጨቱ እየተሰማ ረዳቴ የአንድ አጭር ሽቦ ጫፍ በአርሲኤ ጃኩ የውጭ ቀለበት ላይ፣ ሌላውን ጫፍ በቴፑ የብረት ሽፋን ላይ አስነካ። ፉጨቱ በዚያው ቅጽበት ተቆረጠ። ሽቦው ሲነሳ ተመለሰ፣ ሲነካ ደግሞ ጠፋ። ሞተሩን አጥፍተን፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈትተንና የአርሲኤ ገመዶቹን ከአምፕሊፋየሩ ነቅለን በቀለበቱና በሽፋኑ መካከል ያለውን ሬዚስታንስ ስንለካ ከ1 ኦም በታች መሆን ሲገባው ቴስተሩ ምንም ግንኙነት እንደሌለ አሳየ።

የፉጨቱ አፈጣጠር እንግዲህ እንዲህ ነው። አምፕሊፋየሩ የሚያጎላው በመሐለኛው ፒንና በውጭ ቀለበቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው። በዚህ አምፕሊፋየር ውስጥ የመግቢያው ቀለበት ከኃይል ማሳው ጋር የሚገናኘው በጥቂት መቶ ኦም ሬዚስታንስ በኩል ስለሆነ፣ ቀለበቱ በቴፑ በኩል ጤነኛ ሲሆን አምፕሊፋየሩ የቴፑን ማሳ ይከተላል፤ በሁለቱ ማሳዎች መካከል ያለው መዋዠቅም በዚያ ሬዚስታንስ ላይ ያርፋል እንጂ ከሙዚቃው ጋር አይቀላቀልም። ቀለበቱ በቴፑ በኩል ሲቆረጥ ግን አምፕሊፋየሩ የሚከተለው የኋላውን ማሳ ይሆናል፤ በዳሽቦርዱና በኋላው ወለል መካከል ያለው መዋዠቅ እንዳለ በሙዚቃው ላይ ይደመራል። በመኪናው ላይ ይህ ልዩነት ሞተሩ እየሠራ 0.02 ቮልት ያህል ነበር። ቴፑ በሙሉ ድምፅ ከሚልከው 2 ቮልት ጋር ሲነጻጸር አንድ መቶኛ ነው፤ ሆኖም ሰው በተለመደው ሁኔታ ሲያዳምጥ ምልክቱ ከዚያ እጅግ ያንሳል፣ ዋሽንቱ ሲሳሳ ደግሞ ወደ ፉጨቱ መጠን ይወርዳል።

ቀለበቱን ከማሳ ምን እንደቆረጠው የነገረን ራሱ የአርሲኤ ጃኩ ነው። በአምፕሊፋየሩ በኩል ካሉት ጃኮች በአንዱ የቀለበት ከንፈር ላይ የብልጭታ ምልክት የሆነች ጥቁር የተቦረቦረች ነጥብ ነበረች፤ ተመሳሳይ ጥቁረት በአምፕሊፋየሩ የፖዘቲቭ ተርሚናል ብሎን ጠርዝ ላይም አየን። የዎፈሩ ሳጥን ሲቀየር አምፕሊፋየሩ ተፈትቶ የነበረው ኃይሉ ሳይቋረጥ እንደሆነና የተነቀለው ጃክ ተንጠልጥሎ ፖዘቲቩን እንደነካ ከዚህ መረዳት ይቻላል። በዚያ ቅጽበት የባትሪው ኃይል በገመዱ የውጭ መረብ በኩል ወደ ቴፑ ገብቶ ወደ ማሳ ሊወጣ ሞከረ፤ በመንገዱ ላይ ከሁሉ ቀጭን የነበረው የቴፑ ቦርድ የመዳብ መስመር ተቃጠለ። በባትሪው አጠገብ ያለው የ60 አምፔር ፊውዝ ሳይነካ የቀረው ቀጭኑ መስመር ከእርሱ በፊት ስለተበጠሰ ነው። ቴፑ ከዚያ በኋላም ስለሚሠራ፣ ሙዚቃውም በመኪናው አካል በኩል መመለሻ ስለሚያገኝ፣ ጉዳት መድረሱን ሥራውን የሠራው ሰው ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረም።

ቴፑን ከፍተን ስናየው ከአርሲኤ ሶኬቱ ሥር ያለው መስመር የፀጉር ያህል ክፍተት ፈጥሮ በዙሪያው ጠቁሯል። ለጥገናው ሁለት አቋራጭ መንገዶች ነበሩ፤ ሁለቱንም አልመረጥናቸውም። አንደኛው በጃኮቹ ቀለበት ላይ ሽቦ ጠምዝዞ ከቴፑ ሽፋን ጋር ማሰር ነው፤ ይህ ለሙከራ ጥሩ ቢሆንም በኮብልስቶን መንገድ ንዝረት ቶሎ ይላላል። ሁለተኛው የተቃጠለውን መስመር በወፍራም ሽቦ መበየድ ነው፤ ይህም ፉጨቱን ያጠፋል፣ ነገር ግን ያው አደጋ ቢደገም የሚቃጠለው ቀጭን መስመር ሳይሆን ቦርዱ ራሱ ይሆናል። እኛ የተቃጠለውን ክፍል ጠርገን በቦታው አነስተኛ ፊውዝ በየድንበት። ከጥገናው በኋላ በቀለበቱና በሽፋኑ መካከል ያለው ሬዚስታንስ ከ1 ኦም በታች ሆነ።

ሥርዓቱ ሲመለስ ማጣሪያውንና ካፓሲተሩን አወጣናቸው፤ ያለ ሥራ የተቀመጠ እያንዳንዱ ግንኙነት የነገ ብልሽት ምንጭ ነው። የአርሲኤ ገመዱንም ወደ መኪናው ሌላኛው ጎን አዛወርነው፤ ፉጨቱን ባያመጣም ከኃይል ገመዱ መራቁ ተገቢ ነው። የአምፕሊፋየሩ ጌይን ግን ልዩ ትኩረት አስፈልጎታል፤ መጨረሻ ድረስ ተከፍቶ ነበርና። ጌይን የድምፅ መጨመሪያ ተደርጎ መታየቱ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ተግባሩ ቴፑ የሚልከውን ምልክት ከአምፕሊፋየሩ አቅም ጋር ማስማማት ነው፤ ያለ ልክ ሲከፈት ከሙዚቃው እኩል ረብሻውንም ያጎላል። የፊት ቻናሎቹ በ4 ኦም ስፒከር ላይ 50 ዋት የሚሰጡ በመሆናቸው፣ ዋቱን በኦሙ አባዝተን ስኩዌር ሩቱን ስንወስድ 14.1 ቮልት ይሆናል። ስፒከሮቹን አላቅቀን፣ የቴፑን ድምፅ ሦስት አራተኛ ላይ አድርገን፣ በማያቋርጥ የሙከራ ቃና የአምፕሊፋየሩ ውጤት ወደዚህ ቁጥር እስኪደርስ ድረስ ጌይኑን ከዜሮ ቀስ እያልን ከፈትነው፤ የቆመው ከግማሽ በታች ላይ ነው።

በመጨረሻው ሙከራ የፊት መብራት፣ ማራገቢያና የኋላ መስታወት ማሞቂያ በአንድነት በርተው፣ ሞተሩ ከሚኒሞ እስከ 3,000 ዙር ሲወጣና ሲወርድ ከስፒከሮቹ ፉጨት አልተሰማም። ጆሮን ከስፒከሩ ጋር ሲያስጠጉ ብቻ የምትሰማ፣ ከሞተሩ ጋር የማትለዋወጥ ቀላል ሽርርታ አለች፤ ይህች የማንኛውም አምፕሊፋየር የራሱ ድምፅ ነች።

ባለንብረቱ መኪናውን ከወሰዱ በኋላ አንድ ሌላ ጥያቄ ይዘው ተመልሰዋል፤ ከከተማ ወጣ ሲሉ ኤፍኤም ላይ ሽርርታ ይበዛል፣ ፍላሽ ላይ ግን የለም። ይህ ረብሻ ከድምፅ መቆጣጠሪያው በፊት የሚገባ፣ በማሳ ሳይሆን በአየር የሚመጣ ነው። በሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ የተሰካውን የስልክ ቻርጀር ስንነቅለው ጣቢያው ጠራ፣ ስንሰካው ተመልሶ ተሸፈነ፤ ቻርጀሩ በውስጡ ኤሌክትሪኩን በከፍተኛ ፍጥነት እየቆራረጠ ስለሚሠራ የሚረጨውን ረብሻ የራዲዮው አንቴና ይቀበለዋል። በሌላ ቻርጀር ሲተካ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ጣቢያ ላይ ሽርርታው ጠፍቷል።